የአጎትህን ሸክላዎች በአንድ ሸክላ አትለውጥ

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከጋርላንድ፣ ቴክሳስ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የድሮ የሮክ ሸክላዎች ፍቅር ይዞኛል፤ በተለይ በአንድ ፊት አንድ አንድ ዘፈን ያላቸው ትንንሾቹ። ሥራ ላይ ስሆን በየከተማው ከአሮጌ ዕቃ መደብርና ከጋራዥ ሽያጭ እለቃቅማለሁ። ባለፈው ዓመት እናቴ ከአዲስ አበባ የሟቹን አጎቴን 14 ሸክላዎች በሰው ላከችልኝ። አምሃ፣ ካይፋና ፊሊፕስ የተባሉት ኩባንያዎች ያሳተሟቸው ናቸው። ፎቷቸውን ለአንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሳየው ‹ሁሉንም ስጠኝና በ1954 የታተመውን የኤልቪስ ፕሪስሊን የመጀመሪያ ሸክላ ልስጥህ› አለኝ። የሰን ሪከርድስ ሸክላ ነው። ደስታዬን አልቻልኩትም። ባለቤቴ ግን ‹የአጎትህን ንብረት በዶሮ ሥዕል ልትለውጥ ነው?› ብላ አኩርፋኛለች። መሐሉ ላይ የዶሮ ሥዕል ስላለበት ነው። በሸክላ ወጪ ከዚህ በፊትም ተጨቃጭቀናል። ምን ይመክሩኛል? ሸክላው እውነተኛ መሆኑንስ በምን አውቃለሁ? የአጎቴን ሸክላዎች ፎቶ አያይዤ ልኬያለሁ። የሸክላ ወዳጅ ነኝ።»

ወንድሜ፣ የልብህን ስለጻፍክልኝ አመሰግናለሁ። መልሴን ከፊት ላስቀምጠው፦ አትለውጥ። ሸክላው ፎርጅድ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። እውነተኛ ቢሆንም ግን አትለውጥ። ለምን እንደምልህ ቀስ ብዬ ላስረዳህ። ወሮቹንና ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

መጀመሪያ ስለ ኤልቪስ። ልብህ መነሣቱ አይገርመኝም፤ በታሪኩ ማንም ይማረካል። ሐምሌ 5 ቀን 1954 ሜምፊስ ውስጥ፣ ዩኒየን አቬኑ 706 ቁጥር ላይ ባለች ትንሽ ስቱዲዮ፣ አንድ የ19 ዓመት ልጅ «ዛትስ ኦል ራይት» የሚለውን የቆየ የብሉዝ ዘፈን በራሱ መንገድ ዘፈነው። ልጁ ያን ጊዜ እንዳንተው የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። የስቱዲዮው ባለቤት ሳም ፊሊፕስ ዘፈኑን በዚያው ወር ሰን በተባለው የራሱ ኩባንያ፣ ሰን 209 በሚል ቁጥር አወጣው። ኤልቪስ ከሰን ጋር ያወጣው አምስት ነጠላ ሸክላ ብቻ ነው። በኅዳር 1955 አርሲኤ የተባለው ትልቅ የሸክላ ኩባንያ ውሉን በ35,000 ዶላር ገዛ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። አምስቱ ሸክላዎች የታተሙት ገና ብዙ ሰው ሳያውቀው ስለነበር፣ ንጹሕ ሆነው የተረፉት ዛሬ በሺዎች ዶላር ይሸጣሉ።

ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። በሺዎች ዶላር የሚሸጥ ነገር ሁሉ አስመሳይ አያጣውም። የሰን ሸክላዎች ደግሞ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ጊዜ ፎርጅድ ከተሠራባቸው ሸክላዎች መካከል ናቸው። ከአስመሳዮቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው አርጅተዋል። ስለዚህ «ወረቀቱ ቢጫ ብሎ አርጅቷል» ማለት ምንም ማስረጃ አይሆንህም።

ሰውየው ሸክላውን ካሳየህ ፎቶ አይበቃም፤ በእጅህ ይዘህ፣ ብርሃን ሥር አጋድመህ እየው። ሜምፊስ የታተሙት ኦሪጅናሎች መሐላቸው ላይ ባለው ቢጫ ወረቀት ላይ ሦስት ትንንሽ ክብ ጠባሳዎች አሏቸው። ማተሚያ ማሽኑ ሲጫን የተወው ምልክት ነው፤ በጣትህ ብትዳስሰው ይታወቅሃል። በሌላ ከተማ ፋብሪካ የታተሙ ኦሪጅናሎችም ስላሉ፣ ምልክቱ የሌለው ሁሉ ፎርጅድ ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን የሌለው ከሆነ «ታዲያ የት ታተመ?» ብለህ መጠየቅ አለብህ፤ ሻጩም መልስ ሊኖረው ይገባል። ቀጥለህ ዘፈኑ ካለቀበት እስከ ወረቀቱ ድረስ ያለውን ባዶ ቀለበት ተመልከት። እዚያ ላይ የተጫረ ወይም የተቀረጸ ቁጥር አለ። ቁጥሩን ከታወቁ ኦሪጅናሎች ፎቶ ጋር ፊደል በፊደል አስተያይ። የወረቀቱንም ጽሑፍ በማጉያ መነጽር እየው። ከሌላ ሸክላ ወረቀት ፎቶ ተነሥቶ የተባዛ ከሆነ፣ የፊደሎቹ ጠርዝና የዶሮው ላባ ይደበዝዛል።

ሸክላው ባለ ቀለም ከሆነ፣ ማለትም ቀይ ወይም ሰማያዊ ከሆነ፣ ምርመራውን እዚያው ጨርስ። ሰን የኤልቪስን ሸክላዎች በቀለም አላተመም። የዘፋኙ ፎቶ ያለበት ሽፋንም አልሠራላቸውም። እነዚህን ይዞ «የመጀመሪያው ነው» የሚልህ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ሊሸውድህ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አልፎ እውነተኛ ሆኖ ተገኘ እንበል። ያን ጊዜም የምጠይቅህ ሁለተኛ ጥያቄ አለ፤ ደረጃው ምንድን ነው? ሰብሳቢዎች ጎልድማይን የተባለው መጽሔት ያወጣውን መለኪያ ይጠቀማሉ። ከላይ ሚንትና ኒር ሚንት (እንከን የለሹና ለእሱ የቀረበው) አሉ፣ ከዚያ ቪጂ ፕላስ፣ ከዚያ ቪጂ («ቬሪ ጉድ» ማለት ነው) እያለ ይወርዳል። በዚህ መለኪያ ቪጂ የተባለ ሸክላ ዋጋው የኒር ሚንቱ ሩብ ገደማ ነው። «ይሄ ሸክላ አምስት ሺህ ያወጣል» ሲሉህ ያ የንጹሑ ዋጋ ነው። በግብዣ ሲሽከረከር ኖሮ እንደ ዝናብ የሚንሿሿው ዋጋው ሌላ ነው። ሰውየው በደብዳቤህ ውስጥ ስለ ደረጃው አንድ ቃል አልተናገረም። አንተም አልጠየቅከውም። ይህ ያሳስበኛል።

አሁን ወደ አጎትህ ሸክላዎች ልምጣ፤ በጣም የምቆረቆርለት ነገር እሱ ነው።

ያን ሣጥን ስትከፍት በእጅህ የያዝከው ምን እንደሆነ የገባህ አልመሰለኝም። በ1948 በወጣ የንጉሡ አዋጅ ሸክላ ማስመጣትና ማሳተም ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ መብት ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ በባንድ ሙዚቃ ስትናጥ ዘፈኖቹን በሸክላ የሚያወጣ አልነበረም። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት ክልከላውን ደፍሮ አሳተመ። የመጀመሪያው ሸክላው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ዓለማየሁን ታውቀዋለህ፤ «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» ይሉት ነበር። በልጅነቱ የኤልቪስን ዘፈን እየዘፈነ፣ ፀጉሩን እንደሱ እያበጠረ ያደገ ሰው ነው። አስመራ ውስጥ ቃኘው ጣቢያ ይባል ከነበረው የአሜሪካ ጦር ሠፈር በሬዲዮ ይሰማ የነበረው ሮክና ሶል፣ ወታደሮቹ ይዘውት የመጡት ሸክላ፣ ያን ሁሉ ትውልድ አነቃቅቶታል። ስለዚህ የሮክ ፍቅርህና የአጎትህ ሣጥን የተራራቁ ነገሮች አይደሉም። በሜምፊስ የተጀመረው ነገር አዲስ አበባ ደርሶ ምን እንደሆነ የምትሰማው ከዚያ ሣጥን ውስጥ ነው።

አምሃ እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላና 12 አልበም አወጣ። በዚያው ዓመት አገር ጥሎ ወደ አሜሪካ ሄደ። የሆላንዱ ኩባንያ ፊሊፕስም ገባበት። ብዙዎቻችን አሊ ታንጎ እያልን የምናውቀው አሊ አብደላ ካይፋም የራሱን ሸክላዎች አወጣ። በመሐሉ፣ በ1974፣ ደርግ መጣ፣ የሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሕይወት ገደለው፣ በ1970ዎቹ መጨረሻም ካሴት የሸክላን ቦታ ወሰደ። ተደምሮ ከ1969 እስከ 1978 ባሉት ዓመታት የታተመው የኢትዮጵያ ነጠላ ሸክላ በዓይነት ከ500 አይበልጥም፤ አልበሙ ደግሞ 30 ገደማ ነው። የአንድ አገር የአሥር ዓመት ሙዚቃ ይኸው ነው። አሜሪካ ውስጥ ስንትና ስንት ኩባንያ በየሳምንቱ ሸክላ ያወጣ እንደነበር አስበውና አስተያየው።

ከታተሙትም የተረፉት ጥቂት ናቸው። ለምን እንደሆነ የላክልኝ ሦስተኛው ፎቶ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በአምሃ ሸክላ ወረቀት ላይ፣ ከዘፋኙ ስም በታች፣ አጎትህ በሰማያዊ እስክሪብቶ ስሙን ጽፏል። ከሥሩ «ሚያዝያ 62» ይላል፤ ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ በፈረንጆቹ 1970 መሆኑ ነው። ከዚያ ሥር ደግሞ አንድ ቃል ብቻ አለች፤ «ይመለስ»። እኔ ብዙ የቆየሁት እዚህች ቃል ላይ ነው። ሸክላ ያን ጊዜ ይዋሱት ነበር። ለልደት፣ ለሠርግ፣ ለቅዳሜ ማታ ከቤት ቤት ይዞራል። ሽፋን የለውም፣ መርፌው ያረጀ ነው፣ ዘፈኑ ከተወደደ አሥር ጊዜ ይደገማል። የአጎትህ ግን ሁሌ ተመልሰዋል ማለት ነው። ለአሜሪካዊው ሰብሳቢ ይህ ጽሑፍ ዋጋ መቀነሻ ነው፤ በእነሱ መለኪያ ወረቀት ላይ የተጻፈ ስም እንከን ይባላል። ለእናትህ ግን የወንድሟ እጅ ነው።

ሰውየውም ዝም ብሎ አይደለም አሥራ አራቱንም የፈለገው። ፈረንሳይ ውስጥ ከ1997 ጀምሮ የወጣው ኢትዮፒክስ የተባለው ተከታታይ ያን ዘመን ለዓለም አስተዋውቋል። በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሲሰማ ደግሞ ፈላጊው በዛ። ዛሬ በአውሮፓም በአሜሪካም በጃፓንም የእኛን ትንንሽ ሸክላዎች የሚያሳድዱ ሰዎች አሉ። ሰውየውን በክፉ አልጠረጥረውም። ሙዚቃውን የሚወድ ሰው ሊሆን ይችላል። ግን እሱ የአንተን ሸክላዎች ዋጋ ያውቃል፤ አንተ የእሱን አታውቅም። እንዲህ ባለ ገበያ የሚከስረው ሁልጊዜ የማያውቀው ነው።

እና ዋናው ነገር ይህ ነው፦ የሰን 209 ገንዘብ እስካለህ ድረስ በማንኛውም ዓመት ይገኛል። በየጊዜው ለጨረታ ይቀርባል። ውድ ነው እንጂ አይጠፋም። የአጎትህን ሣጥን ግን አንድ ጊዜ ከሰጠህ በምንም ገንዘብ አትመልሰውም። ከዘፈኖቹም ሁሉም እንደገና አልታተሙም። ምናልባት ከአሥራ አራቱ አንዱ ላይ ሌላ ቦታ በንጹሕ ድምፅ የማይገኝ ዘፈን ይኖራል።

አሁን ምን ታደርጋለህ? በቅድሚያ ለእናትህ ደውልላት። ሸክላዎቹን ስትልክልህ «ያንተ ናቸው» ብላ ነው ወይስ «አስቀምጥልኝ» ብላ? በደብዳቤህ ይህን አልገለጽክም፤ መልሱ ግን ብዙ ነገር ይወስናል። ከሸክላዎቹ ጋር የተያያዘ ወሬም ይኖራታል። የትኛውን የት ገዛው? ማን ነበር የሚያዋሰው? ጠይቃትና ጻፈው። ከዚያ እያንዳንዱን ሸክላ በጥሩ ማጫወቻ አጫውተህ ወደ ኮምፒውተር ቅዳው፤ በቴሌግራም ላክላት። ከሃምሳ ዓመት በፊት ቤታቸው ውስጥ ይሰማ የነበረውን ስትሰማ ምን እንደምትልህ ለእኔም ጻፍልኝ።

ከአሥራ አራቱ መካከል አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ካሉና እናትህ ከፈቀደች፣ አንዱን መሸጥ ነውር የለውም። ግን ዲስኮግስ የተባለው የሸክላ መገበያያ ድረ ገጽ ላይ ገብተህ ከዚህ በፊት በስንት እንደተሸጠ ተመልከት። ሻጮች የሚጠሩት ዋጋ አያታልልህ፤ የሚጠቅምህ ገዢ የከፈለው ነው።

ስለ ባለቤትህ። ማኩረፏ ትክክል ነው፤ ይህንንም ንገራት። የአንተን ቤተሰብ ቅርስ ከአንተ በላይ የተቆረቆረችለት እሷ ናት። ስለ ወጪው የተጨቃጨቃችሁት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከዚህ ጋር አታደባልቁት። ለሸክላ በወር የምታወጣው የተወሰነ ይሁን፣ እሷም ትወቀው፣ ከዚያ በላይ ስትፈልግ ካለህ ላይ ሽጠህ ግዛ። ደግሞ ቅዳሜ ማታ አንዱን የጥላሁን ወይም የብዙነሽ ሸክላ አጫውትላት። የቤቱ ሙዚቃ ያንተ ብቻ ሆኖ ከቆየ፣ ወጪውም ያንተ ብቻ ሆኖ ቢታያት አይፈረድባትም።

የሮክ ፍቅርህን ተው አላልኩህም። እንዲያውም ጥሩ ቦታ ላይ ነው ያለኸው። ብዙ ጀማሪ ታዋቂ ስም ሲያይ ብርቅ ይመስለዋል። በታኅሣሥ 1963 ካፒቶል ያወጣው የቢትልስ ነጠላ ሸክላ በሚሊዮን ስለተሸጠ ዛሬም በየአሮጌ ዕቃ መደብሩ ይገኛል። ከዚያ በፊት በ1963 መጀመሪያ ቪጄይ የተባለው የቺካጎ ኩባንያ ያወጣው፣ ስማቸው አንድ «ቲ» ፊደል ተጨምሮበት የተሳሳተው ሸክላ ደግሞ በውድ ይፈለጋል። ያኔ አሜሪካ ውስጥ የሚያውቃቸው ስላልነበረ ገዢ አጥቶ ነበር። እድሜውም ዝናውም አይደለም የሚወስነው። ስንት ታተመ፣ ስንት ተረፈ፣ ስንት ሰው ይፈልገዋል፤ እነዚህ ናቸው።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ጠባብ ነገር ያዝና እሱን ጠንቅቀህ እወቅ ነው። አንተ ያለኸው ቴክሳስ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በየከተማው ልጆች ጋራዥ ውስጥ ባንድ እያቋቋሙ፣ በራሳቸው ገንዘብ ጥቂት መቶ ሸክላ ያሳትሙ ነበር። እነዚያ ሸክላዎች ዛሬም ብቅ የሚሉት እዚያው የታተሙበት አካባቢ ነው። የኦስቲኑ ባንድ ሰርቲንዝ ፍሎር ኤሌቬተርስ የመጀመሪያ ሸክላቸውን በ1966 ኮንታክት በሚባል ትንሽ ኩባንያ አወጡ፤ በኋላ የሂዩስተኑ ኢንተርናሽናል አርቲስትስ ደግሞ አሳተመው። ዘፈኑ አንድ ነው፣ በተፈላጊነት ግን ኮንታክቱ ይበልጣል። ሮይ ኦርቢሰንም በ1956 የመጀመሪያ ሸክላውን ያወጣው እዚሁ ምዕራብ ቴክሳስ፣ ጁዌል በሚባል ኩባንያ ነው። ያው ዘፈን በዚያው ዓመት እንደገና ተቀርጾ በሰን ወጣ። ጁዌሉን ማግኘት ከባድ ነው። የሰኑ ግን በደንብ ስለተሸጠ ከኤልቪስ ሸክላዎች በብዙ እጥፍ ርካሽ ነው።

ይህን የነገርኩህ ያ ቢጫ ወረቀትና ዶሮ ዓይንህ ውስጥ እንደገባ ስለማውቅ ነው። የሮይ ኦርቢሰንን፣ የጆኒ ካሽን፣ የካርል ፐርኪንስን ወይም የጄሪ ሊ ሉዊስን ብትገዛ፣ የሚሽከረከረው ያው የሰን ሸክላ ነው፤ ከዚያው ከሳም ፊሊፕስ እጅ የወጣ። የአጎትህን ሣጥን ሳትነካ፣ በወር ወጪህ የምትችለው ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። በላክልኝ ፎቶ ዳር ላይ ሻንጣ መሳይ ርካሽ ማጫወቻ አይቻለሁ። የእነዚህ ብዙዎቹ ክንዳቸው ከባድ ነው፣ ሸክላውን ይፍቃሉ። የአጎትህን ሸክላዎች በእሱ አታጫውት። የመርፌው ክብደት የሚስተካከል ማጫወቻ ፈልግ፤ ያገለገለም ቢሆን ይሻላል፤ መርፌውን ግን አዲስ ግዛለት። በተለይ ብዙ የአሜሪካ ትንንሽ ሸክላዎች ከቪኒል ሳይሆን ስታይሪን ከሚባል ደረቅ ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። ስታይሪን በመጥፎ መርፌ ቶሎ ይበላሻል፣ ካጎበጥከውም ይሰበራል። ስታጸዳቸው የቧንቧ ውኃ ተውና የተጣራ ውኃ በለስላሳ ጨርቅ አድርገህ የዘፈኑን መስመር ተከትለህ ጥረግ። ወረቀቱን አታርጥብ፤ የአጎትህ እስክሪብቶ ይለቃል።

ሌላው መኪናህ ነው። ከመንገድ የገዛኸውን ሸክላ በቴክሳስ ሐምሌ ጋቢና ውስጥ ትተህ ምሳ ልትበላ ብትወርድ፣ ስትመለስ ተጣሞ ታገኘዋለህ። ይዘህ ውረድ፣ ወይም ጥላ ያለበት ቀዝቃዛ ሣጥን አዘጋጅለት። ቤትም ስታስቀምጣቸው አቁመህ ደርድር፤ አንዱን በሌላው ላይ አትከምር።

ለሰውየው በትሕትና መልስለት። «ሸክላዎቹ የቤተሰብ ናቸው፣ አይለወጡም፤ ግን መጥተህ አብረን ልናዳምጥ እንችላለን» በለው። ሙዚቃውን ከልቡ የሚወድ ከሆነ ይመጣል። ሲመጣ ያንን የኤልቪስ ሸክላ ይዞ እንዲመጣ ጠይቀው፤ ሦስቱን ጠባሳዎች በጣትህ ዳስሰህ ለማየት ጥሩ አጋጣሚ ነው።